የትርንጎ በር ቁልፍ

በአንድ ወቅት፣ የትኛው ወቅት ብትሉኝ ውርጭ በሚወርድበት በኅዳር፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ ትርንጎ የምትባል የአሥር ወር ሕፃን እናት ነበረች። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ በወር አንዴ ብቅ ቢል ነው። ከመውለዷ በፊት ልብስ ሰፊ ነበረች፤ አሁን ግን ዓለሟ አንዲት የጭቃ ክፍል ናት። ከበሯ እስከ ልብስ ማስጫው ገመድ ሃያ እርምጃ ነው፤ ቆጥራዋለች። ከዚያ ወዲያ ከሄደች ሰንብታለች።

አንድ ሰሞን የድሮ አሠሪዋ ላከባት። ሰኞ ጠዋት ከስፌት መኪናዋ ፊት ከተገኘች ቦታው የእሷ ነው፤ ካልተገኘች ለሌላ ይሰጣል። ታዲያ ሕፃኗን፣ ማህደርን፣ ማን ይጠብቅ? እዚያው ግቢ የባሏ ታላቅ ወንድም አስቻለው፣ እህቱ ሙሉሸዋና የሁሉም ታናሽ ግርማቸው ይኖራሉ። ሦስቱም ልጅቷን ይወዳሉ፤ ሦስቱም ከተጣለ ዕቃ ነገር መሥራት ያውቃሉ። እየተፈራረቁ ሊጠብቋት ተስማሙ፤ ትርንጎም የሥራ ጫማዋን አውጥታ ወለወለች።

አስቻለው ነፋሱ በሩን እየበረገደ ሕፃኗን ሲቀሰቅሳት አይቶ ከተሰበረ የአልጋ እግር መወርወሪያ ሠራ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ በሩ ሲዘጋ እንጨቱ በገዛ ክብደቱ ወርዶ ከውስጥ ይቆልፋል፤ ከውጭ ለመክፈት በቀዳዳ የወጣውን ሲባጎ መሳብ ነው።

ሙሉሸዋ ደግሞ ያየችው ብርዱን ነው። በመስኮቱ ላይ ባዶ የስኳር ማዳበሪያና ላስቲክ ደርባ ወጠረች፤ የግድግዳውን ስንጥቅና የጣሪያውን ጥግ በዱቄት ሙጫ ጋዜጣ ለጠፈችበት። ክፍሏ እንደ እንቁላል ድፍን ሆነች።

ግርማቸው ከባዶ የቀለም ጣሳ የከሰል ምድጃ አበጀ። ውስጡን በሸክላ አፈር ስለለሰነው ሙቀቱ አይባክንም፤ ጠዋት የገባ እፍኝ ከሰል እስከ ቀትር ይቆያል። «ቆጣቢ» ብሎ ስም አወጣለት።

አንዱ የሌላውን ሥራ አመሰገነ፤ ሦስቱን ደምሮ ያየ ግን አልነበረም። ይህን ላስረዳ። ከሰል በተደፈነ ቤት ሲነድ የሚያወጣው መርዝ ጭስ የለው፣ ሽታ የለው። ሰው የተመረዘ ሳይሆን እንቅልፍ የመጣበት ይመስለዋል።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ማህደር ተኝታለች፤ ምድጃው ከእግርጌዋ ነው። ትርንጎ ሽንት ጨርቅ ልታሰጣ ወጣች። ሃያ እርምጃ። ነፋሱ በሩን ከኋላዋ ገጭ አድርጎ ዘጋው፤ እንጨቱም ወረደ። አስቻለው በዋዜማው አዲስ ሲባጎ ሲያስገባ የውጭ ጫፉን መቋጠር ረስቶ ኖሮ፣ ሲባጎው በቀዳዳው ሾልኮ ወደ ውስጥ ገባ። ትርንጎ በሩን ደበደበች፤ ልጇን በስሟ ጠራች። ከውስጥ የሚያለቅስ የለም። ይህን ጊዜ ነው ጩኸቷን የለቀቀችው።

ግርማቸው ባልዲ ውኃ ይዞ ጣሪያ ላይ ወጣ። ከምድጃው በላይ ያለውን ቆርቆሮ በመዶሻ ነቅሎ፣ ምድጃውን የት እንዳስቀመጠው ያውቃልና ውኃውን ልክ እላዩ ላይ ቸለሰው። እሳቱ ጠፋ።

ሙሉሸዋ መስኮቱን በክንዷ መታችው። መስታወቱ ሥጋዋን ዘለዘለው፤ እሷ ግን ማዳበሪያውንና ላስቲኩን ጎትታ ጣለች። መስኮቱ ብረት ስላለው ሰው አያስገባም፤ ነፋሱ ግን ገባ።

አስቻለው መጥረቢያ አነሳ። ሌላ ሰው ቢሆን በሩን በሙሉ ሲፈልጥ ይቆይ ነበር፤ እሱ ግን መወርወሪያው ያለበትን ስለሚያውቅ በሁለት ምት ቀዶ፣ እጁን ሰዶ አነሳውና ሕፃኗን አቅፎ ወጣ። ዝላለች። ደጅ ላይ ነፋሱ ፊቷን ሲመታት አንዴ አስነጠሰችና አለቀሰች።

ጤና ጣቢያ ወሰዷት። ትርንጎ ከሦስቱ ያዳናት የማን ሥራ እንደሆነ ብትጠይቅ፣ ሐኪሙ እሳቱ ባይጠፋ፣ አየሩ ባይገባ፣ ወይም ልጅቷ ባትወጣ ምን ይከተል እንደነበር መለየት አልችልም አላት።

ዓርብ ማታ ሦስቱም ትርንጎ ዘንድ ተሰበሰቡ። አስቻለው መወርወሪያውን ሰባብሮ ማግዶታል፤ ተቀጣሪ አናጢ ጠርቶም በሩ ላይ ባለ አንድ ቁልፍ ጓጉንቸር አስገብቷል። ሁለተኛ ለዚህ ቤት ምስማር አልመታም ብሎ ማለ። ሙሉሸዋ ክንዷ በፋሻ እንደተጠቀለለ፣ ማንም ሳይጠይቃት ተናገረች።

«ከሰል በዝግ ቤት እንደሚገድል በሬዲዮ ሰምቼ ነበር። በሩ በየሰዓቱ ይከፈት የለ ብዬ ተውኩት። አውቅ ነበር፣ ትርንጎ።»

ግርማቸው ዘግይቶ መጣ፤ እጁ ጥቀርሻ ነው። በዱቄት ወተት ጣሳዎች ጭስ ማውጫ ቀጥሎ፣ ምድጃውን ደጅ እየነደደ፣ ክፍሉን አቋርጦ በሚወጣው ቱቦ ግለት ብቻ ቤት የሚያሞቅ አድርጎታል። ቱቦው ወደ ቤት እንዳያሾልክ ቀኑን ሙሉ በደረቅ ሣር ጭስ ሲፈትነው ነው የዋለው።

«በአንድ ቀን?» አለ አስቻለው። «ልጅቷ ገና ከጤና ጣቢያ መመለሷ እኮ ነው፣ አንተ።»

«ለዚያ እኮ ነው የቸኮልኩት፣ ጋሼ።»

ትርንጎ ቁልፉን ከነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛለች። ምድጃውንም፣ ፋሻውንም፣ ጓጉንቸሩንም ተራ በተራ አየች።

«እየተፈራረቃችሁ መጠበቁ ቀርቷል» አለች። «ሦስታችሁ ስትረዱኝ ነው የታፈነችብኝ። አንድ ሰው ቁልፉንም ልጅቷንም ይረከበኝ፤ ሌላው እጁን ይሰብስብ። ለማንም ካልሰጠሁ ደግሞ ሰኞ እዚሁ ነኝ።»

ሦስቱም እጃቸውን አልዘረጉም፤ ሦስቱም ግን ቋጠሮውን ያዩ ነበር። የተወለወለው ጫማ ከበሩ ሥር እንደተቀመጠ ነው።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። አንዱ ጥፋቱን አይቶ እጁን ከሥራ አነሳ፤ አንዷ ማንም የማያውቅባትን በራሷ ላይ መሰከረች፤ አንዱ ያጠፋውን ሳይውል ሳያድር አቀና። ሰኞ ሊነጋ ነው፦ ትርንጎ ቋጠሮውን ፈትታ ቁልፉን ለማን ትስጥ?