አርባ ቀን የሞላው አዋጅ

ማርያምን፣ ብነግራችሁ አታምኑኝም! እኔው በዚህ ዓይኔ ያየሁት ነው።

የወይዘሮ አንጓች ባል የተቀበሩ ዕለት፣ ምስለኔው ግራዝማች ድልነሳ የሕዝቡን ብዛት አይተው እዚያው መቃብሩ ዳር ጸሐፊያቸውን አዋጅ አስነበቡት። «ተዝካር አደኸያችሁ! ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል። የደገሰ ይታሰራል፤ በሬውም ይወረሳል!» ሕዝቡ እጅ ነስቶ ተቀበለ። መቼም ግራዝማች የሰርግ ድግስን ብቻ ሦስት ጊዜ ያስቀሩ ሰው ናቸው።

በአርባኛው ቀን በበቅሏቸው ብቅ ቢሉ፣ ወይዘሮ አንጓች ደጅ ዳስ ተጥሏል። ዳሱስ ምን ዳስ ነው! በአንዱ በር ጠግቦ የገባ በሌላው እስኪወጣ ይርበዋል። ግራዝማች ጸሐፊውን «ግባና የሚበላውን አጣራ» ብለው ላኩትና እሳቸው ደጅ ቆመው ጮኹ።

«የማን ተዝካር ነው? ተናገሩ!»

ወይዘሮ አንጓች ለመታሰር እጃቸውን ዘረጉ። ይሄኔ አንድ ሸማኔ ከመሀል ብድግ አለ።

«የአዋጅዎ ነው፣ ጌታዬ። ከወጣ ዛሬ አርባ ቀኑ አይደል? አስታዋሽ ያጣ ሙት እንዳይሆንብዎ ብለን ነው።»

«አዋጄ መች ሞተ? ማን አባቱ ነው ሞተ ያለው?»

ያ አዋጁን ያነበበው ጸሐፊ፣ ጉንጩ በጉርሻ እንደተወጠረ ከዳሱ ውስጥ ተጣራ።

«እግዜር ነፍሱን ይማረው፣ ግራዝማች! ወጡ ሳይቀዘቅዝ ይግቡ!»