ምስሉ ላይ የማይታየው

አንድ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር ነበሩ፤ አቶ ሰብስቤ ይባላሉ። ጡረታ ከወጡና ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ ቤታቸው ውስጥ ከሬዲዮ በቀር የሚናገር ጠፋ። አንድያ ልጃቸው ትርሲት ትዳር ይዛ ሐዋሳ ነው የምትኖረው። እሁድ እሁድ ትደውላለች።

«እንዴት ነህ አባዬ?»

«ደህና ነኝ። አንቺስ?»

«እኔም ደህና ነኝ።»

ስለ ዝናቡና ስለ ኑሮ ውድነት ትንሽ ያወሩና ስልኩ ይዘጋል።

አቶ ሰብስቤ የፕሮስቴት ካንሰር እንዳለባቸው ሲነገራቸውም ይህ ወሬ አልተለወጠም። «ልጅቷን ለምን አስጨንቃታለሁ» ብለው ሕክምናውን ብቻቸውን ጀመሩ።

ከጊዜ በኋላ ካንሰሩን የሚከታተለው የደም ምርመራ ውጤት ከፍ እያለ መጣ፤ በተለመደው የምስል ምርመራ ግን የሚታይ ነገር ጠፋ። የምትከታተላቸው ሐኪም አንድ የረቀቀ ምርመራ አዘዘችላቸው።

«በደም ሥርዎ የሚሰጥዎት መድኃኒት ካንሰሩ ያለበት ቦታ ላይ ይሰበሰባል። መሣሪያው መላ አካልዎን ሲያነሳ ያ ቦታ ደምቆ ይታያል። የት እንደሄደ ካወቅን ሕክምናውን እናስተካክላለን» አለቻቸው።

በቀጠሯቸው ቀን መርፌውን የወጋቸው ነርስ፣ «መድኃኒቱ ጨረር ስላለው ለዛሬ ሕፃናትና ነፍሰ ጡር አይጠጉ። ቤት ማን አለ?» ሲል ጠየቃቸው።

«ማንም የለም።»

«እንግዲያው ችግር የለም» አለ ነርሱ።

በቅንነት ነው ያለው። መርፌው ያላመማቸው ሰውዬ ግን ይህን ሲሰሙ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ እንዳይንቀሳቀሱ ተነግሯቸው መሣሪያው ላይ ተጋደሙ፤ ሰው ሁሉ ከክፍሉ ወጣ። ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ብሞት ማን ያውቃል ብለው አሰቡ።

ውጤቱ ሲደርስ ሐኪሟ ምስሉን አሳየቻቸው። ዳሌያቸው ላይና አንዱ የጎድን አጥንታቸው ላይ የሚያበራ ነጥብ ነበር።

«ተሰራጭቷል። ግን ስላየነው ልናክመው እንችላለን። ቤተሰብዎ ያውቃል?»

አቶ ሰብስቤ ምስሉን ትኩር ብለው አዩት።

«ይሄ መሣሪያ የሰው ውስጥ ያለውን ሁሉ ያሳያል?»

«ካንሰሩን ነው የሚያሳየው። ሌላውን እርስዎ ካልተናገሩት አይታይም።»

ዕለቱ እሁድ አልነበረም። ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ለትርሲት ደወሉና ሁሉንም ነገሯት።

«ለምን ደበቅከኝ?»

«እንዳትጨነቂ ብዬ ነዋ።»

«እኔም እንዳትጨነቅ ብዬ ነው አባዬ። ከባሌ ከተለያየን ዓመት ሊሆነን ነው። እሁድ እሁድ የምደውልልህ ከባዶ ቤት ነው።»

ያን ቀን ስልኩን ማንኛቸውም ቶሎ አልዘጉትም።

ካንሰሩ አልጠፋም። ሕክምናው ተለወጠ፤ ዛሬም ይከታተሉታል። በተከታዩ ቀጠሮ ግን ሐኪሟ ፊት የተቀመጡት ከልጃቸው ጋር ነበር።

ወዳጆቼ፣ አጥንት ውስጥ የተሸሸገን በሽታ የሚያሳይ መሣሪያ አለ። ብቸኝነትን የሚያሳይ ግን የለም፤ ባለቤቱ ካልተናገረው ቅርብ የሚባል ሰውም አያየውም። የምንወዳቸውን ላለማስጨነቅ ሕመማችንን ስንደብቅ እነሱም የራሳቸውን ይደብቁናል፤ ተዋደን ለየብቻችን እንታመማለን።

እርስዎስ ዛሬ ምን ደብቀዋል? የደበቁትስ ከማን ነው?