ለሐመዱ የተከፈቱ ሦስት በሮች

በአንድ ወቅት፣ ዓሣ ገዢውም ነዳጁም ሳይከዷት፣ ቀይ ባሕር ዳር አንዲት ትንሽ ከተማ ነበረች። አጥማጆቿ የነዳጅ ማጣሪያውን ጭስ፣ «ዓሣችንን ላምባ ላምባ አሰኘው» እያሉ ይራገሙት ነበር። እርግማን ይደርሳል፤ ማጣሪያው ተዘጋ። ሠራተኛው ሄደ፣ ዓሣ የሚገዛውም አብሮ ሄደ። ባሕሩ ዳር ባለው ሰፈር አራት ሰው ብቻ ቀረ። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» መባሉን አራቱም ያውቃሉ፤ አራቱም ግን ለየብቻ ይበሉ ነበር።

አንድ ቀን ከበረሃ የተነሣ አቧራ ባሕሩን ሸፈነው። ሽማግሌው አጥማጅ ሐመዱ በጠዋት ለማጥመድ ወጥቶ ነበር።

መቅረቱን ያወቀችው ጎረቤቱ ዘሃራ ናት። ባሏ ሞቷል። ሐመዱ መረቡን በሯ ላይ በማስጣቱ በተነሣ ጠብ ለዓመታት አላነጋገረችውም። ቢሆንም በግድግዳው በኩል ሳሉን ሳትሰማ እህል አትቀምስም። ያን ቀን ሳል የለም። ኩራቷን ዋጠችና የሁለቱን ጎረቤቶቿን በር አንኳኳች። «ሐመዱ አልተመለሰም» አለች።

ወጣቱ ኢድሪስ በማግስቱ ባሕር ማዶ ወዳሉት ወንድሞቹ ሊሻገር ጀልባውን ጭኖ ጨርሷል። ጓዙን አሸዋው ላይ ዘርግፎ ወደ አቧራው ቀዘፈ። እየተጣራ ሽማግሌውን አገኘውና ወደ ራሱ ጀልባ አወጣው፤ መመለሻው ግን ለሁለቱም ጠፋባቸው።

ተገኝ የተዘጋው ማጣሪያ ዘበኛ ነው። ደሞዙ ከቀረ ቆይቷል፤ እሱ ግን የመጨረሻዋን በርሜል ነዳጅ «አደራ ናት» ብሎ ለማንም አያስነካም። ሐመዱ ድሮ በአቧራ ቀን ያን የተራገሙትን የጭስ ሽታ እየተከተለ ይመለስ እንደነበር ያውቃል። በርሜሏን ወደ ባሕሩ ዳር አንከባለለና ለኮሳት። ነፋሱ ሽታውን ወደ ባሕር ወሰደው።

ሐመዱ አፍንጫውን ቀና አደረገ። «ሰፈራችን ሸተተኝ» አለ። ሽታውን ተከትለው መጡ። ዳርቻው ላይ የኢድሪስ ጀልባ ከድንጋይ ተላትሞ ተሰበረ፤ እነሱ በእግራቸው ወጡ።

ከዚያ ወዲያ ሐመዱ ብቻውን መኖር ፈራ። ሦስቱም በራቸውን ከፈቱለት። አራቱ አብረው ይብሉ የሚል ብልጥ አይጠፋም፤ ተሞክሯል። በመጀመሪያው ቀን «በማን ቤት?» ሲባል ተጣሉ።

«እኔ ባላጣው ማን ይፈልገው ነበር?» አለች ዘሃራ።

«መሄጃዬ የተሰበረው ለሳቸው ነው» አለ ኢድሪስ።

«እኔ ከእንግዲህ የምጠብቀው ነገር የለኝም» አለ ተገኝ።

ሐመዱ ዓሣውን አንጠልጥሎ መንገዱ መሐል ቆሟል። ካንዱ ቤት ሲገባ፣ ሁለቱ በራቸውን ዘግተው ብቻቸውን ይበላሉ።

እናንተ ፍረዱ፤ ከማን ቤት ይግባ?