አያ ጅቦ ያረመው ቧልት

ተረት ተረት፣ ሳቅ ያለበት።

ጃርት ለአራዊት በዓል አጭር ቧልት ጻፈ። ታዳሚው ካልሳቀ ከጫካው እንደሚባረር አንበሳ አስጠንቅቆታል። በቧልቱ ውስጥ ጅብ ራሱ የበላት አህያ ለቅሶ ላይ ተገኝቶ፣ ከዘመድ በላይ ደረቱን ይመታል።

አያ ጅቦ ጽሑፉን አነበበና፣ "ደግ ነው፤ ግን ስሜን ያጠፋል። ሩኅሩኅ አድርገኝ፤ አህያዋም ትታመም እንጂ አትሙት። እኔው ራሴ እጫወተዋለሁ" አለ።

ጃርት የተባለውን ሰረዘ። የሚያስቀው ሁሉ አብሮ የተሰረዘ መሰለው።

በሽተኛ ሆና እንድትጫወት የተለመነችው እመት አህያ ደግሞ፣ "እሺ፣ እተኛለሁ። አልጋዬ ግን ከበሩ አጠገብ ይሁን፤ በሩም አይዘጋ" አለች። ጃርት ይህንንም ጻፈ።

በበዓሉ ቀን ጅብ ዓይኑን እያበሰ፣ "እግዜር ይማርሽ፣ እህቴ" እያለ ተጠጋ። እሱ አንድ እርምጃ በቀረበ ቁጥር በሽተኛዋ ከነአልጋዋ አንድ ክንድ ወደ በሩ ፈቀቅ ትላለች። አራዊቱ በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለሉ፤ አንበሳም ጋማው እስኪበተን ሳቀ።

ጅብ እጅ ነስቶ ሲያበቃ ጃርትን ጠራው።

"አየህ አይደል? እኔ ባላርመው ምን ይውጥህ ነበር! ለከርሞ አንዲት ነገር ብቻ እናሻሽል።"

"ምን ትሁን፣ አያ ጅቦ?"

"አህያዋ ትንሽ ወፈር ትበል።"