ሐጂ ሱሩር ያስቀሩት የሻይ ትምህርት

በልቦች ውስጥ የተደበቀውን ለሚያውቀው አላህ ምስጋና ይገባው።

የሩቅ አገር ነጋዴ የሚያርፍባት፣ በግንብ የታጠረች አንዲት የጥንት ከተማ ነበረች። በዚያች ከተማ ከመስጊዱ በር አጠገብ ሻይ የሚሸጡ ሐጂ ሱሩር የሚባሉ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። የጁሙዓ ሰላት ሲያበቃ ሰዉ በሙሉ ወደ እርሳቸው ቤት ይጎርፋል። ሌሊቱን ቆመው ስለሚሰግዱ ደጋግ ሰዎች ብዙ ሰምታችኋል፤ እኔም ሰምቻለሁ። የሐጂ ሱሩር ነገር ግን በአንድ በራድ ሻይ ላይ የሆነ ነው፤ ከሁሉ አብልጦ የሚያስደንቀኝም እሱ ነው።

አንድ ቀን ሰዕዲያ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት መጣች።

"ሐጂ፣ የቲም ልጆቼን የማበላቸው አጣሁ። እዚሁ መንገዱ ማዶ ሻይ ልሸጥ ብዬ ነበር፤ ግን አፈላሉን አላውቅበትም። ያስተምሩኝ" አለቻቸው።

እንግዲህ አስቡት! ገበያችሁን ልትካፈል የመጣች ሴት ሙያውን ከእናንተው ስትለምን! ሐጂ ግን "ቢስሚላህ በይና ተቀመጪ" አሏት።

ጎረቤታቸው እህል ነጋዴው አወል ይህን ሰምቶ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለ። "ያስተምሯት፣ ከአላህ ዘንድ አጅር አለው። ግን አንዷን ነገር ለራስዎ ያስቀሩ። ሁሉንም ከሰጧት ነገ እርስዎ ምን ሊበሉ ነው?"

ሐጂ ማስተማር ጀመሩ። "መጀመሪያ በራዱን በፈላ ውሃ አለቅልቂው፤ የትናንት ሻይ የዛሬውን ያበላሻል። ውሃው ያላደረ ይሁን። ቀረፋውን ሰበር አድርጊ። ቅርንፉዱን አታብዢ፤ ሲበዛ መድኃኒት መድኃኒት ይላል። ሄሉን ፈልቀቅ አድርገሽ ጨምሪና አብሮ ይፍላ።" አጠጣጡንም ነገሯት፤ ተቀምጦ፣ በቀኝ እጅ፣ በየመሃሉ ትንፋሽ እየወሰዱ። "ሻይ የሚጣደፉበት ነገር አይደለም፣ ልጄ። አስቀድመሽ አሽትቺው፣ ከዚያ ነው መጠጣት።"

ሰዕዲያ የሻይ ቅጠሉን አንስታ እሳት ላይ በሚንተከተከው ውሃ ውስጥ ጨመረችው። ሐጂ አዩ። የሙያው ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነበር። ቅጠል የሚገባው በራዱ ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው፤ ተከድኖ ጥቂት ይቆይና ከቅጠሉ ይጠለላል። እሳት ላይ ከቅጠሉ ጋር የዋለ ሻይ አይጠጣም። ይህን ሊነግሯት አፋቸውን ሲከፍቱ የአወል ምክር ትዝ አላቸው፤ ዝም አሉ። እርሷ ገና እንደፈላ ስለቀመሰችው መልካም መሰላት። መረቀቻቸውና ሄደች።

ሐጂ "አልዋሸሁም" እያሉ ራሳቸውን አጽናኑ። እውነት ነው፣ አልዋሹም።

ሰዕዲያ ሥራ የጀመረችው በጁሙዓ ቀን ነው። ከማለዳ ጀምሮ በራዷ እሳት ላይ ዋለ። ሐጂም መስጊድ ገቡ። ኢማሙ ፋቲሓን እያነበቡ "ቀጥተኛውን መንገድ ምራን" ከምትለው አንቀጽ ሲደርሱ፣ ሐጂ ሰዕዲያን አስታወሱ። መንገድ አሳዩኝ ብላ የመጣችን ሴት መሃል ላይ ጥለው፣ እርሳቸው ሙሉውን መንገድ ከአላህ ይለምናሉ! ሰላቱ እንዳበቃ ጫማቸውን በቅጡ ሳይጫሙ ወጡ።

ሰዉ አዲስ ነገር ሊቀምስ ሰዕዲያ ዘንድ ተሰብስቧል። የቀመሰ ሁሉ ፊቱን ያጨማድዳል። አንዱማ "ኧረ ይሄ ሬት ነው!" ብሎ ብርጭቆውን መሬት ላይ ደፋው። ሌሎቹም ለመሄድ ተነሡ። ሰዕዲያ ሐጂን ስታይ እንባዋ መጣ።

"ሐጂ፣ ያሉኝን ሁሉ አድርጌያለሁ። ምን አጎደልኩ?"

"አንቺ አላጎደልሽም፣ ልጄ። ያጎደልኩት እኔ ነኝ" አሉ፣ ሁሉም እየሰማ።

አወል እጃቸውን ያዛቸው። "በአላህ ይሁንብዎ ሐጂ! ቀስ ብለው በጆሮዋ ቢነግሯት አይበቃም?"

"ሻይዋ የተሰደበው በሰው ፊት ነው። በጆሮዋ እንዴት እክሳታለሁ?"

በራዱን ደፉ፤ አጥበውም አዲስ ውሃ ጣዱ። ሲፈላ ከእሳቱ አወረዱና ቅጠሉን ጨምረው ከደኑት። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "ወንድሞቼ፣ እኔ ዘንድ የምትወዱት ጣዕም ምስጢሩ ይህ ነው። ሰዕዲያ ስትጠይቀኝ የደበቅኳት ይህንን ነው" አሉ። ሻዩን ጠልለው በእጃቸው ለሁሉም አደሉ። ያ ብርጭቆውን የደፋው ሰው ጠጣና ድገሙኝ አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ የጁሙዓው ገበያ ለሁለት ተከፈለ።

ቆይቶ አወል "ለምን ራስዎን በአደባባይ አዋረዱ?" ብሎ ቢጠይቃቸው፣ ሐጂ እንዲህ አሉት፦ "ሻይ ከቅጠሉ ጋር ሲውል ይመራል። እውቀትም ከባለቤቱ ጋር ሲውል ይመራል።"

ይህችን ቃል በሰማሁ ቁጥር የራሴን ዝምታ አስባለሁ። ሐጂ አልሰረቁም፣ አልዋሹም፤ ዝም ነው ያሉት። እኛ ደግሞ "ዝም አይነቅዝም" እያልን ዝምታን ስናወድስ እንኖራለን። ጥፋታቸውን ከአላህ በቀር ያየ አልነበረም። መስጊድ ገብተው ሚሕራቡ ሥር ተደፍተው ቢያለቅሱ ይበቃ ነበር የምንል አንጠፋም። ለሰዕዲያ የሚገባት ሐቅ ግን ሚሕራቡ ሥር አልነበረም። መንገዱ ማዶ፣ እሳት ላይ ተጥዶ እየመረረ ነበር። ሐጂ ተሻግረው የሄዱት ወደዚያ ነው።