ለስላሳ ነገር ይላኩላት

አንድ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ መኩሪያ የሚባል። በሚኖርበት ከተማ የሱ ቤት መጋረጃ ሲቀየር የጎረቤቱ ሁሉ መጋረጃ ይቀየራል፤ እሱ ባርኔጣ ካደረገ በሳምንቱ መንገዱ ባርኔጣ በባርኔጣ ይሆናል። መኩሪያ ግን ከሀብቱም ከክብሩም አብልጦ የሚወደው አንድ ነገር ነበረው። ልጁ ሳምራዊት ከመዋዕለ ሕፃናት ስትመለስ በር ላይ ቆማ የዕለቱን መዝሙር ትዘምርለታለች። ሱቁን ቀደም ብሎ የሚዘጋው ለዚህ ነበር።

አንድ ቀን የሳምራዊት የወተት ጥርስ መነቃነቅ ጀመረ። መምህርቷ ውብአንቺ አባትየውን በትምህርት ቤቱ በር ላይ አገኘችውና፣ «ማኘክ እያስቸገራት ነው፤ ጥርሷ እስኪወልቅ ለስላሳ ነገር ይላኩላት» አለችው።

መኩሪያ ሆዱ ባባ። እሱ ባደገበት ቤት ለስላሳ የሚከፈተው ለሠርግ ወይም ለታመመ ሰው ነበር። ዛሬም በሽተኛ ሊጠይቅ ሲሄድ ጠርሙሱን በፌስታል አንጠልጥሎ ነውና ነገሩ ወዲያው ገባው። የገባው መሰለው እንጂ! ከማግስቱ ጀምሮ በሳምራዊት ቦርሳ ውስጥ፣ ከምሳ ዕቃዋ ጎን፣ ቀይ ለስላሳ ተቀመጠ፤ ብስኩትም ተጨመረበት። ጠርሙሱ ባዶውን ሲመለስ ደስ ይለዋል። ፍርፍሩ ሳይነካ መመለሱን ሲያይ ደግሞ «ጠግባ ነው» ይላል። ጥርሷ ወለቀ፤ ለስላሳው ግን መሄዱን አላቆመም፤ ልጅቷ ለምዳዋለችና ያለሱ ትምህርት ቤት አልሄድም አለች።

ውሎ አድሮ መዝሙሩ ጠፋ። ልጅቷ ፊቷ ጠውልጎ ትመጣለች፤ ሆዴን ትላለች፤ ቦርሳዋን ጥላ ትተኛለች። አባትየው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ የሚዘምርለት የለም። በመጨረሻ ብው ብሎ ትምህርት ቤት ሄደ።

«መምህርት፣ ልጄን ምን አደረጋችሁብኝ? እኔ እንደሆንኩ ያሉኝን አላጓደልኩም። ይኸው በየቀኑ ለስላሳ እልካለሁ!»

ውብአንቺ ግራ ገባት። «እኔ ነኝ ለስላሳ ይላኩ ያልኩት?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ! ለስላሳ ነገር ይላኩላት አላሉኝም?»

መምህርቷ አፏን በእጇ ያዘች። «ወይ ጉዴ! እኔ እኮ ጥርሷን የማያስቸግር ማለቴ ነው። የተቀቀለ ድንች፣ እርጎ፣ ሙዝ…»

ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ውብአንቺ ወደ ክፍሉ ወሰደችው። የምሳ ሰዓት ነበር። በየልጁ ፊት ቀይና ቢጫ ጠርሙስ ቆሟል፤ ምሳ ዕቃዎቹ እንደተዘጉ ናቸው። አንዱ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ያንቀላፋል፤ ሌላዋ ጉንጯን ይዛ ትነጫነጫለች። መኩሪያ ሳቁን ዋጠ።

«እነዚህንስ ማን አዘዛቸው?»

«እርስዎ» አለችው በቀስታ። «የሳምራዊትን ጠርሙስ ያየ ልጅ ሁሉ ቤቱ ሄዶ አለቀሰ። ያቺን ጥግ ላይ ያለችውን አዩዋት? እናቷ ጉልት ቸርቻሪ ናት። ድሮ የሽምብራ ንፍሮና ውሃ ይዛ ትመጣ ነበር፤ አሁን ምሳዬ ያሳፍረኛል ብላ እናቷን አስጨነቀቻት። ወላጆቹን ብመክር፣ የመኩሪያ ልጅ እየጠጣች የኔ ለምን ይቅርበት ይሉኛል። ለእርስዎ መናገር ደግሞ ፈርቼ ዘገየሁ፤ እሱ የኔ ጥፋት ነው።»

በማግስቱ መኩሪያ ሱቁን ዘግቶ፣ ምሳ ዕቃ አንጠልጥሎ ልጆቹ መሃል መጣ። ትንሿ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ደረሰ፤ ልጆቹ ተንከተከቱ። የተቀቀለ እንቁላል፣ ድንች በካሮት፣ ሙዝ፣ እና በኮዳ ውሃ አወጣ። በሳምራዊት ቦርሳ ውስጥም ያው ነበር። እሷ ግን ከንፈሯን ጥላ አኮረፈች። አባትየው ውሃውን ጎንጨት አድርጎ «እሰይ!» አለና ወደ ጥጓ ልጅ ዞረ።

«የሽምብራ ንፍሮ የምታመጪው አንቺ ነሽ አሉ። ነገ ታቀምሺኛለሽ?»

ልጅቷ አቀርቅራ «እሺ» አለች። በማግስቱ ንፍሮውን ይዛ መጣች። መኩሪያ አፉን ከፍቶ ጠበቃት፤ በትንሽ እጇ አጎረሰችው። ይሄን ጊዜ ሳምራዊት ኩርፊያዋን ረስታ «እኔንም! እኔንም!» እያለች አፏን ከፈተች። ጉርሻው ከልጅ ወደ ልጅ ዞረ።

ጠርሙሶቹ በአንድ ጀንበር አልጠፉም፤ ያጉረመረመ ወላጅም ነበር። ሆኖም መጋረጃውን የቀዳ ከተማ ንፍሮውንም ውሃውንም ከመቅዳት አልቦዘነም። አንድ ቀን ከሰዓት መኩሪያ እንደ ልማዱ በር ላይ ቆሞ ሳለ፣ ሳምራዊት ገና ከመንገዱ ማዶ ጀምራ እየዘመረች መጣች። በወለቀው ጥርሷ ቦታ አዲሱ ብቅ ብሎ ነበር። መኩሪያ ደስታውን መደበቅ አቅቶት እሱም አብሯት ዘመረ።

ወዳጄ፣ ልጅ ምሳውን የሚወደው እኛ ስናከብረው አይቶ ነው። ውሃንና ንፍሮን የድሃ፣ ባለቀለሙን ጠርሙስ የክብር ካደረግንበት እሱ ምን ያድርግ? ለልጃችን የቋጠርነውን ደግሞ የሰው ልጅ ያየዋል፤ የዚያም ልጅ እናት ትጨነቅበታለች። እስቲ ነገ ጠዋት ምሳ ዕቃውን ከመክደንዎ በፊት አንድ ጊዜ ይዩት፤ የቋጠሩት የልጅዎን ጤና ነው ወይስ የራስዎን ኩራት?