መጀመሪያ የሚራመድ የጠፋ ዕለት

አንድ ጊዜ አንበሳ አረጀ። ጥርሱ ረገፈ፣ ዓይኑ ፈዘዘ፣ ግሳቱም ከሸለቆው ማዶ መሰማት ተወ። ለብዙ ዘመን ወንዙን ሲጠብቅ የኖረው እሱ ነበር። ሥጋ በሊታውም ሣር በሊታውም በየተራው ወርዶ ይጠጣል፤ ውኃ ዳር ግን ማንም ማንንም አይነካም። ሕጉ ይኸው ነበር። አሁን ሕጉን የሚያስከብርበት ጉልበት አለቀበት።

ስለዚህ እንስሳቱን ሁሉ ሰበሰበና፣ «ልጆቼ፣ እኔ ደክሜያለሁ» አላቸው። «ሥጋ በሊታዎች አንድ ዕጩ አቅርቡ፤ ሣር በሊታዎችም አንድ። የዛሬ ወር እዚሁ ሾላው ሥር እንገናኝ። ሁሉም ከወደደው ዕጩ ኋላ ይቁም። የሾላው ጥላ ያንን ድንጋይ ሲነካ እቆጥራለሁ። ብዙ የቆመለት ወንዙን ይጠብቃል።»

ሥጋ በሊታዎች አልተቸገሩም። ጅብ «እኔ!» ብሎ ጮኸ፤ የደፈረ ተከራካሪም አልተገኘም። ቀበሮ ደግሞ ከጌታ ማዕድ ፍርፋሪ አይጠፋም ብሎ አማካሪው ሆነ።

ሣር በሊታዎች በቁጥር አራት እጥፍ ይሆኑ ነበር። ተስማምተው ቢሆን ኖሮ እኔም ይህን የማወራበት ምክንያት ባልኖረ። ግን ገና በማግስቱ ለሁለት ተከፈሉ። የሜዳው መንጋ «ፈረስ ይሁንልን፤ ጠላትን ከሩቅ ያያል» አለ። የወንዝ ዳሩ መንጋ «በሬ ይሁንልን፤ ቀንድ አለው፤ ፈረስ የሚያውቀው መሸሽ ነው» አለ። ነገር ነገርን እየወለደ፣ በአንድ ሰርዶ ላይ አፍ ለአፍ ገጥመው ይግጡ የነበሩት ሰላምታ እስከ መነፋፈግ ደረሱ።

ይህ ከሁሉ በላይ ያስጨነቃት አህያን ነበር። አህያ ከፈረስ ጋር በዘር፣ ከበሬ ጋር በድካም ዘመድ ናት። አሰበች፣ አሰበችና ወደ ጥሻው ወጥታ ሚዳቋን ጠራቻት።

ሚዳቋን ብዙዎቹ እንስሳት በመልክም አያውቋትም። ዓይን አፋር ናት፤ ውላ የምታድረው ቁጥቋጦ ውስጥ ነው። ነገር ግን ወንዙ በደረቀበት ዓመት ከገደሉ ሥር የተደበቀች ምንጭ አግኝታ፣ የጠማውን ሁሉ እየመራች ያጠጣች እሷ ነበረች። አህያም ከጠጡት አንዷ ናት።

ሚዳቋ ነገሩን ሰምታ ደነገጠች። «እኔን ማን ያውቀኛል፣ እመት አህያ?»

«የመጣሁትም ለዚሁ ነው» አለች አህያ። «የሚያውቁሽ ይወዱሻል፤ የማያውቁሽም የሚጠሉበት ምክንያት የላቸውም። በሬ ቢቀርብ የፈረስ ወገን ያኮርፋል፤ ፈረስ ቢቀርብ የበሬ ወገን ያኮርፋል። አንቺ ግን ማንንም አላስቀየምሽም።»

«ጅብን በምን ጉልበቴ ላቁመው?»

«ጆሮ አለሽ። ኮቴውን ገና ከጉድጓዱ ሲወጣ ትሰሚያለሽ። ቀንዱን ከበሬ፣ እርግጫውን ከፈረስ እናገኛለን።»

ሚዳቋ ሆዷን አየች፤ እርጉዝ ነበረች። «እሺ» አለች በመጨረሻ። «ግን እወቂልኝ፤ ቀርቤ ከተሸነፍኩ ጅብ መጀመሪያ የሚያሳድደው እኔን ነው። ሁለቱ ራሳቸው ከኋላዬ ይቆማሉ ብለሽ ካረጋገጥሽልኝ እወጣለሁ።»

አህያ ወደ በሬ ሄደች። በሬ አፈሩን በቀንዱ እየወጋ፣ «ከማን አንሼ ነው ለሚዳቋ የምለቀው?» አላት።

«ከማንም አላነስክም፣ አያ በሬ። ግን ግማሹን ይዘህ ብትሸነፍ ጥጃህ ውኃ የሚጠጣው ከማን ፊት ነው?»

በሬ ቀንዱን ከአፈሩ አነሣ። ከዚያ «ፈረስ ከተወ እተዋለሁ» አለ።

ወደ ፈረስ ሄደች። ፈረስ ጋማውን ነስንሶ፣ «በሬ ከተወ እተዋለሁ» አለ።

አህያ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሜዳና ወንዝ ዳር ስትመላለስ ኮቴዋ ተሰነጠቀ። የአንዱን ስድብ ለሌላው ሳታደርስ፣ የአንዱን ደግ ቃል ግን እየጨመረች እያደረሰች፣ በመጨረሻ ሁለቱን አንድ ጉብታ ላይ አገናኘቻቸው። በሬም ፈረስም፣ «በዕለቱ ከሚዳቋ ኋላ እንቆማለን፤ ወገናችንም ይከተለናል» ብለው ቃል ሰጡ። አህያ በደስታ አለቀሰች። ማን ቀድሞ እንደሚራመድ ግን አልጠየቀቻቸውም። ነገሩ ሁሉ አልቆ ሳለ ይህን ማን ያስባል?

ቀበሮ አሰበው። ወሬው እንደ ደረሰው ወደ ፈረስ ሄደ። «ጀግና!» አለው። «ለሌላ መልቀቅ የትልቅ ሰው ጠባይ ነው። ቃልህን እንዳታጥፍ አደራ። ብቻ፣ ቀድመህ ከተራመድህ እነዚያ ‹በሬ አንበረከከው› ማለታቸው አይቀርም። እሱ ሲራመድ አይተህ ብትከተል ምን ትጎዳለህ?»

ፈረስ ምንም የሚጎዳ ነገር አልታየውም። ቀበሮ ከዚያ ወርዶ ለበሬም ይህንኑ መከረው። ለበሬም ምክሩ ደግ ሆኖ ታየው።

ቀኑ ደረሰ። ሁሉም ሾላው ሥር ተሰበሰበ። መጀመሪያ ጅብ ተነሣና፣ «እኔ ከተመረጥሁ ማንም ሳይበላ አያድርም!» አለ። «ሳይበላ» የሚለውን ቃል አጥብቆ ይናገረው አላልቶ፣ ልብ ያለ አልነበረም። ቀበሮ ግን ጠብቆ ሰምቶት ኖሮ ፈጠን ብሎ፣ «ማንም ሳይጠግብ አያድርም ማለቱ ነው» ብሎ አረመለት።

ሚዳቋ ወጣች። «ወንዙ እንደ ድሮው የሁላችንም ይሁን» አለች። ከዚህ ሌላ አልተናገረችም።

«እንግዲህ ተሰለፉ» አለ አንበሳ።

ጅቦች፣ ቀበሮዎችና ጥንብ አንሣዎች ከጅብ ኋላ ቆሙ። አህያ ከሚዳቋ ኋላ ቆመች፤ ከምንጩ የጠጡ በጎችና ፍየሎችም ተከተሏት። የቀረው መንጋ ግን የሚያየው አለቆቹን ነበር። ፈረስ በሬን ያያል። በሬ ፈረስን ያያል። ጥላው እየረዘመ ሄደ።

«አያ ፈረስ፣ ተራመድ እንጂ!» አለች አህያ።

«ቃሌን አልበላሁም። እሱ ይቅደም።»

«አያ በሬ!»

«እኔም ቃሌ ቃል ነው። እሱ ይቅደምና መጣሁ።»

አህያ ከሰልፏ ወጥታ በሁለቱ መካከል ሮጠች። «እባካችሁ! አብራችሁ ተራመዱ! አንድ እርምጃ ነው!» ፈረስ አንድ እግሩን አነሣ። በሬ አለመነቃነቁን አየና መልሶ አሳረፈው። በዚህ ጊዜ ጥላው ድንጋዩን ነካ።

አንበሳ ቆጠረ። ከጅብ ኋላ ሠላሳ አንድ፣ ከሚዳቋ ኋላ ሃያ ሦስት። በመካከል ከመቶ በላይ እንስሳ ባለበት ቆሟል። አንበሳ እነሱን ረጅም ጊዜ ተመለከታቸው። «ልጆቼ፣» አለ፣ «ባላችሁበት የቀራችሁትን የምቆጥርበት ሕግ የለኝም። ወንዙ የጅብ ነው።»

ሚዳቋ ማንንም አልወቀሰችም። ጅብ ገና ደስታውን ሲያስካካ ጋራውን አልፋ ሄደች።

ጅብ አንድ ሳምንት ሕጉን ጠበቀ። በሁለተኛው ሳምንት «ውኃ ዳር ያገኘሁት ሁሉ የእኔ ነው» አለ። መጀመሪያ የተበላው የፈረስ ውርንጭላ ነበር። ከዚያ በአምስተኛው ቀን የበሬ ጥጃ ተከተለው። አንበሳም ይህን ሰምቶ ሳይውል ሳያድር ሞተ።

ልጆቻቸው ከሞቱ በኋላ ፈረስና በሬ ጉብታው ላይ ተገናኙ። ዓይን ለዓይን ለመተያየት አፈሩ።

«ስትራመድ እጠብቅህ ነበር» አለ በሬ።

«እኔም አንተን» አለ ፈረስ።

አህያን ይዘው ጋራውን ወጡና ሚዳቋን ፍለጋ ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ከአንድ ጥሻ ውስጥ አገኟት። ወልዳ ነበር፤ ግልገሏ ከጎኗ ተኝታለች። በሬ ተንበረከከ፤ ፈረስም አንገቱን ደፍቶ ለመናት።

«እመት ሚዳቋ፣ በድለንሻል። ተመለሺልን። አሁን አንድም ሳይቀር ከኋላሽ ይቆማል።»

«አንበሳው እንዴት ነው?» ስትል ጠየቀች።

«ሞተ።»

«ታዲያ ብትቆሙስ ማን ይቆጥራችኋል?»

ሚዳቋ ግልገሏን በምላሷ ላሰቻት። «አልተቀየምኋችሁም» አለች። «ያን ቀን ቢሆን ለሞትም ተዘጋጅቼ ነበር። አሁን ግን ይህቺን ይዤ አልመለስም። በደህና ግቡ።»

ሦስቱም ቁልቁለቱን ወረዱ። ወንዙ ዳር ሲደርሱ ጠምቷቸው ነበር። በሬ ሲጠጣ ፈረስ ቆሞ ጠበቀለት፤ ፈረስ ሲጠጣ በሬ ቆሞ ጠበቀለት። ከዚያ ወዲያ እንዲህ ተግባብተው ኖሩ፤ ነገር ግን መጠባበቃቸው የሚያተርፈው የሁለቱን ነፍስ ብቻ ነበር፤ የመንጋው ልጆች አንድ በአንድ አለቁ።

ከዚህ የምንማረው፣ ለጋራ ጉዳይ የተሰጠ ቃል «ሌላው ይቅደም» እየተባለ ከዋለ እንዳልተሰጠ መቆጠሩን፣ ዘግይቶ የመጣ ስምምነትም ጸጸት ብቻ መሆኑን ነው።